አክተሩ የታለ?

ባለፈው ሳምንት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን የአማርኛ ፈተና ሳርም አንድ መልስ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ «በልቦለድ ውስጥ ጀግና እና ጸረ-ጀግና በምን ይለያሉ?» ይላል። ልጁ እንዲህ ብሎ መልሷል፦ «ጀግና ማለት መጽሐፉ እስኪያልቅ የማይሞት ሲሆን፣ ጸረ-ጀግና ደግሞ ጀግናን ለማጥፋት የሚረጭ ነው።» የሚረጭ! ልጁ ጸረ-ተባይና ጸረ-ወባ ሲባል እየሰማ ነው ያደገው፤ ምን ይፈረድበታል? ዜሮ ልሰጠው እጄን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት። ይህን ቃል እዚሁ ጅግጅጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩ ዕለት፣ ጓደኛዬ ብሩክም «ምንድን ነው እሱ? መድኃኒት ነው?» ብሎኝ ነበር።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በተማሪዎቼ ዓይን ይህ ከኖኅ ጋር መርከብ የገባ ሰው ዕድሜ ነው፤ «ቲቸር፣ ያኔ ስልክ ነበር?» ይሉኛል። ነበር። ያኔ ማለት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤተሰቦቼ ዘንድ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ጭንቅላቴ የተማርኩትን ሁሉ ለሰው ካላካፈልኩ የሚፈነዳ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ለከተማችን ክፉ ነበር። ሁከት ተነሳ፣ ብዙ ሰው ከተማውን ጥሎ ሄደ፤ ብዙው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሱቆች ተከፈቱ፣ የጅግጅጋ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ከአንዱ ሰፈር እያነሳ ሌላው ላይ ይደፋ ጀመር፣ የግመል ወተት ሻሂ የሚሸጡትም ወንበሮቻቸውን መልሰው መንገድ ዳር ደረደሩ። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወሬ እሰማለሁ። ወሬው አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉም ሰው ጎረቤቱን ደብቋል፣ ሁሉም በር ላይ ቆሞ «በእኔ ሬሳ ላይ ተራመዱ» ብሏል። እውነትም የቆሙ ነበሩ፤ እናቴ ዛሬ በሕይወት ያለችው እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ስለነበሯት ነው። ግን ወሬውን ሁሉ ሰብስቤ ሳየው ያኔ የሮጠ አንድም ሰው የለም። መንገዱን ሞልቶ ሲሮጥ በዓይኔ ያየሁት ሕዝብ ታዲያ የት ገባ? ይህ ጥያቄ አልለቀኝ አለ፤ በመጨረሻም ቲያትር ሆኖ ወጣ።

ቲያትሩ ስለዚያ ክረምት አልነበረም፤ ቁስል ላይ ጣት መስደድ አልፈለግሁም። ስለ አንድ የአይሱዙ ሹፌርና ስለ ረዳቱ ነበር። ሶማሌዎቹ ቶግ በሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ወንዝ ውስጥ መኪናቸው ይቆማል። ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ሳያስቡት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ረዳቱ እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያየውን ሹፌር ጥሎ ይሮጣል። ሹፌሩ ይተርፋል፣ ግን እግሩ ይሰበራል። ረዳቱ በሌላ ከተማ ሲደበቅ ይከርምና በመጨረሻ ተመልሶ ሹፌሩ በር ላይ ይቆማል። አማርኛና ሶማሊኛ ይቀላቀልበታል፤ ሌላ ነገር የለውም። የቲያትሩ ዋና ሰው ረዳቱ ነው።

የቲያትር ክበብ ነበረን፤ የሹፌሩን ድርሻ ብሩክ ወሰደ። ረዳቱን ለማሀድ ሰጠሁት። ማሀድ አክስቱ ሻሂ ቤት የሚሠራ፣ አማርኛውም ሶማሊኛውም ከአፉ የሚጣፍጥ፣ ቁመናው ያማረ ወጣት ነበር። በክበባችን ቲያትር ሁሉ ላይ አክተሩ እሱ ነው። አክተር ስል እንደ ሰፈር ልጅ ነው የምለው፤ ፊልም ውስጥ የማይሞተው፣ አሥር ሰው ብቻውን የሚጥለው። ሶማሌዎቹም አቶሬ ይሉታል። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ ልጆች ሲያወሩ «አክተሩ ማነው? ሌባውስ?» ብለው ከተለያዩ በኋላ ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ማሀድም ያነበበው በዚያው ልክ ነበር። ልምምድ የምናደርገው በአባቴ የፍራሽ መጋዘን ነው፤ መውደቅ ያለበት ሰው ሁሉ ተመችቶት ይወድቃል። እዚያ ቁጭ ብለን ጽሑፉን ስናነብ ጎርፉ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«አባዮ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ዋናው ነህ ብለሽኛል።»

«ዋናው ነህ።»

«ታዲያ ዋናው ይሮጣል እንዴ?»

«ይሄኛው ይሮጣል። ጸረ-ጀግና ይባላል። ታሪኩ በእሱ ላይ ይሄዳል፣ ግን የጀግና ባሕርይ የለውም። እንደ እኔና እንዳንተ ያለ ሰው ነው።»

«እንዳንቺ በይ» አለኝ። ብሩክ የመድኃኒቱን ነገር የጠየቀው ይሄኔ ነበር። ማሀድ ግን እየተነጫነጨም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበበ። መጨረሻ ላይ ረዳቱ የሚናገራት አንዲት አጭር ነገር አለች፤ እሷ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠና «እሺ፣ ይህችን ለማለት ስል እሮጣለሁ» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላስረዳሁ ቀሪው አይገባም። እኛ ዘንድ የቅጽል ስም ነገር ቀልድ አይደለም። ሶማሌዎቹ ናናይስ ይሉታል። አንካሳውን ላንገዴ፣ ረጅሙን ዴሬ ብለው ፊት ለፊት ይጠሩታል፤ ባለስሙም ሳይቀየም ይዞራል። እናት ያወጣችው ስም መታወቂያ ላይ ይቀራል። ቅጽል ስም አንድ ጊዜ ከያዘ ሰውየው ጋር ያረጃል፣ ለልጆቹም ይተርፋል። የማሀድ እጮኛ ልትሆን የታሰበችው የሁዳ አባት፣ በከብት ገበያው የታወቁ ደላላ፣ ዴጎሌ ይባላሉ፤ ደንቆሮ ማለት ነው። ጆሯቸው ከእኔ ይበልጣል። ገና በወጣትነታቸው ዝቅተኛ ዋጋ ሲጠሩባቸው እንዳልሰማ ይሆኑ ስለነበር የተሰጣቸው ስም ነው። ማሀድ በሰው በኩል የእኚህን ሰውዬ ልጅ ሊያስጠይቅ፣ አጎቱ ሽማግሌዎች መርጠው ጨርሰው ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቲያትራችንን ይዘን ቱሊ ጉሌድ ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄድን።

ሶማሌዎቹ ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ገና መጣሉ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከጭነት መኪና የተዋስነው ሰማያዊ ሸራ ጭናችን ላይ ተዘርግቷል፤ ጎርፋችን እሱ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ አረንጓዴ ሆኗል፣ አፈሩ ይሸታል፣ ግመሎቹ መንገዱ የአባታቸው ይመስል መሃሉን ይዘው ቆመዋል። ብሩክ ከባቢሌ የመጣ ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበርና ቅርፊቱን ሚኒባሱን በሚነዳው ሰውዬ ጀርባ ላይ እየወረወረ ይበላል። ደስተኞች ነበርን። ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ደስታ ይመጣብኛል።

ያሳየነው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ልጆች ከፊት። አንደኛው ክፍል በሳቅ አለፈ። ሸራው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጆቹ ተነሱ፤ «አቶሬ! አቶሬ!» እያሉ ማሀድን ያበረታቱታል። ማሀድ ሸራውን አየ፣ ብሩክን አየ፣ ሮጠ። ሕዝቡን ሰንጥቆ፣ በግቢው በር ወጥቶ ጠፋ። ልጆቹ ጠበቁ። አክተር ሊያጭበረብር ይሄዳል እንጂ አይጠፋም፤ በጀርባ ዞሮ ይመጣል። አልመጣም። ብሩክ ሸራው ሥር ያስላል። በመጨረሻ አንዱ በሶማሊኛ፣ አክተሩ የታለ ብሎ ጮኸ፤ ጥያቄው ግቢውን ሞላው። ቲያትሩ ሲያልቅ ጭብጨባው እንዲያው ለይሉኝታ ነበር። አጥሩ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን ወደ ማሀድ ቀስራ «ፉለይ!» አለች። ፈሪ ማለት ነው። ዕቃ ጭነን ሳንጨርስ ግቢው በሙሉ በአንድ ድምፅ ይለው ነበር።

አንዲት አሮጊት ብቻ አልጮኹም። ማሀድን እጅጌውን ይዘው ወደ ጥላው ወስደው ረጅም ጊዜ አነጋገሩት። ምን እንዳሉት ብጠይቀው «ምንም» አለኝና እስከ ጅግጅጋ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ መጣ።

ስሙ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ማን እንደደወለ አይታወቅም። በማግስቱ አክስቱ ሻሂ ቤት ሄጄ ሳለ አንድ ደንበኛ ገና ከበር «ፉለይ፣ አንድ ሻሂ፣ ስኳር ቀነስ!» አለ። ሰው ሳቀ። ማሀድ ሻሂውን ቀድቶ ሰውየውን ሳያይ አስቀመጠለት። በጣም አዘንኩለት። ሳምንቱ ሳያልቅ አጎቱ የሽማግሌውን ነገር አቆዩት። «ስሙ እስኪረሳ እንጠብቅ» አሉ። እዚህ አገር ስም እስኪረሳ መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሀድም እኔም እናውቃለን። ሁዳን ሊያጣ ነው።

ጅግጅጋ አዳራሽ ውስጥ የምናሳይበት ቀን ደርሶ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ማሀድ አንድ ፍራሽ ላይ ተንጋሎ ጣራ ያያል።

«ቀይሪው በቃ» አለኝ ብሩክ። «ይሩጥ፣ መሃል ላይ ይቁም፣ ይመለስ፣ እኔን ተሸክሞ ያውጣኝ። ክብደት እቀንስለታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አክተር ሆነ። ከተማው ሁሉ ያየዋል። ፉለይ የሚለው ሰው ራሱ ያፍራል።»

ጽሑፌን እወደው ነበር፣ ማሀድን ግን ከጽሑፌ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ለጓደኛ ትዳር የማይቀየር ቲያትር ምን ዓይነት ቲያትር ነው? ቁጭ ብዬ ለወጥኩት። ረዳቱ ይመለሳል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ሹፌሩን በጀርባው ያወጣዋል፣ ሰው ያጨበጭባል። ሰጠሁት፤ «እሺ አባዮ» ብሎ ተቀበለኝ። ሁለት ጊዜ ተለማመድነው። ብሩክን ሲሸከመው ሁለታችንም ሳቅንበት፤ ማሀድ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ ፉለይን ሊያይ እንደመጣ ገብቶኛል። ከፊተኛው ረድፍ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው ዴጎሌ ተቀምጠዋል። ማንም አልጠራቸውም። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ አያቴ በወታደርነት መጥተው የሰፈሩባት ከተማ ተወልዳ አድጋ፣ ሶማሊኛዋ እስካሁን ከገበያ አላለፈም።

ሸራው ተንቀጠቀጠ። ማሀድ ሮጠ። በአዲሱ ጽሑፍ አዳራሹ መሃል ላይ ቆሞ መመለስ አለበት። ቆመ። ዞረም። ብሩክ ሸራው ሥር ሆኖ እጁን አውጥቶ ይጠብቀዋል። ማሀድ ያንን እጅ አየው፤ ዴጎሌን አያቸው፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠና በበሩ ወጣ። ሸራው ሥር ብሩክ በደንብ የሚሰማ ስድብ ተሳደበ። አዳራሹ ፈነዳ፤ «ፉለይ! ፉለይ!» ሰው ወንበሩን ይደበድባል። ዴጎሌ አልተንቀሳቀሱም።

ሌላ ምርጫ አልነበረንምና ወደ አሮጌው ጽሑፍ ተመለስን። ብሩክ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአዳራሹ በር ተከፈተና ማሀድ ገባ። በመድረኩ ጓሮ መግባት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በሰዎቹ መሃል መጣ፣ በእግሩ፣ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ ሲጮኹበት የነበሩት እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ሲደርስ ዝም አሉ። ብሩክ ፊት ቆመ። «ዋን አረረይ» አለ።

በሶማሊኛ ሮጥኩ ማለት ነው፤ ለእሷ ስል እሮጣለሁ ያላት ነገር ይህች ነበረች። እናቴ ግን የሰማችው በአማርኛ ነው። «ውይ ልጄን፣ ምን አሳረረው?» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ላርማት ብዬ ተውኩት። በዚያች ሰዓት ሁለቱም ቋንቋ ልክ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በገባው ቋንቋ ሰምቶታል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። በዚያ ክረምት የሮጠው ሕዝብ የት እንደገባ ያን ቀን አየሁት። እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ብሩክ ቀጥሎ የሚለው አጭር ነበር፤ «እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ግባ፣ ሻሂው ሳይቀዘቅዝ።» መጋረጃ የለንምና መብራቱን አጠፋነው።

ሲበራ ሰው ገና ማጨብጨብ እንዳለበት አልወሰነም። ዴጎሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ማሀድ መድረኩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሸራ ያጥፋል።

«ፉለይ!» አሉት፣ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ።

ማሀድ እንዳልሰማ ሊሆን ይችል ነበር፤ ይህን ዘዴ ከእኚህ ሰውዬ በላይ የሚያውቅ የለም። ማሀድ ሸራውን አስቀመጠና ዞረ።

«ሀ፣ አዴር» አለ። አቤት፣ አጎቴ እንደማለት ነው።

ዴጎሌ ወደ ሕዝቡ ፊታቸውን መለሱ። «አያችሁ?» አሉ። «ዞረ።» ከዚያም ወደ በሩ እየሄዱ፣ ማሀድን ሳያዩት፣ «አጎትህን 'ዴጎሌ ቤት አለ' በለው፤ ሽማግሌ የሚመጣ ከሆነ» አሉና ወጡ። ያኔ ነው ጭብጨባው የመጣው፤ ጣራው የሚነሳ መሰለኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ እናቴም፣ ብሩክም፤ ብሩክ በኋላ የሸራው አቧራ ነው ብሏል።

ማታውን አክስቱ ሻሂ ቤት ሳምቡሳ እየበላን ነው ማሀድ የነገረን። የቱሊ ጉሌዷ አሮጊት አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ከጓደኛው ጋር ቶግ ሲሻገሩ ጎርፍ መጣ፤ ልጁ ሮጦ አመለጠ፣ ጓደኛውን ውሃው ወሰደው። ማንም አልወቀሰውም፤ እሱ ግን የጓደኛውን እናት ፊት ማየት አልቻለም። ኤረር የምትባል ሩቅ ከተማ ሄዶ ቀረ። አሮጊቷ ማሀድን እጅጌውን ይዘው ያሉት ይህንን ነበር፤ «ሌላ ከተማ ስታሳዩ ሰውየው መመለሱን አትተዉ። መሮጡንም አትተዉ። መጀመሪያ ካልሮጠ፣ ልጄ ስለ እሱ እንደሆነ አያውቅም።»

«ብሩክን ተሸክሜ ብወጣ ኖሮ» አለ ማሀድ፣ «ኤረር ያለው ልጅ 'ይሄ ሌላ ሰው ነው' ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል።» አንዱ ተመልካች በስልኩ ቀርጾት ነበርና፣ ማሀድ ኤረር ወዳለችበት ወደ ሲቲ ዞን የሚወጣ ሹፌር ባገኘ ቁጥር ያንን ቪዲዮ ሲጭንለት ከረመ። ልጁ አይቶት ይሁን ወደ ቤቱ ተመልሶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ባላውቅም ተመልሷል ብዬ ነው የማስበው፤ እንዲህ ማሰብ ምን ይጎዳኛል?

ሰኞ ዕለት የፈተናውን ወረቀት ስመልስ ለክፍሉ ይህንን ታሪክ ነገርኳቸው። የመጽሐፉን መልስም ጨመርኩበት፤ ጀግና የምንመኘውን ያደርግልናል፣ ጸረ-ጀግና የምንደብቀውን ያሳየናል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ማለት ብቻውን ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ልዩነቱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ፈሪ ተብሎ በተጠራበት አዳራሽ፣ ሁዳን ሊያጣበት በሚችል ሰዓት፣ ለማያውቀው ልጅ ሲል የፈሪውን ድርሻ የመረጠ ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው በየትኛው ረድፍ ይጻፍ ብትሉኝ አላውቅም። ግን እንደ እሱ ያለ ሰው የሚኖርባት ከተማ ውስጥ ልጅ ማስተማር ደስ ይለኛል።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁዳስ? እሷ ምን አለች?»

አፈርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ስናወራ አባትየውን፣ አጎትየውን፣ ሽማግሌዎቹን እንጂ እሷን የጠየቀ የለም። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ በሠርጉ ቀን ከትልቁ የሩዝና የፍየል ሥጋ ትሪ ዳር አብረን ተቀምጠን ራሷ ነግራኛለች። ስሙ የወጣ ሰሞን ዘመዶቿ ሰብሰብ ብለው «አክተር የሆነ ባል ስንት አለ፣ ፉለይን ተዪው» ሲሏት እንዲህ ብላለች፦ «እኔ አክተር አልፈልግም። አክተር ፊልሙ ሲያልቅ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው፣ ሮጦ ሮጦ ሲደክመው ወደ ቤት የሚመጣውን ነው።»

ተማሪዋ ሳቅ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ለፈተና እንደማይመጣ አልነገርኳትም።